የብርሃን ስብረትና የወቅት ዕውቀት፦ ከካይሮ ዑለማ እስከ ጎንደር ደጋ

መግቢያ

በሱረቱል ነምል (27፥44) ንግሥተ ሳባ ወደ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) አዳራሽ እንዲገቡ በተጠየቁ ጊዜ ወለሉ ውሃ መስሏቸው ልብሳቸውን ከእግራቸው ከፍ እንዳደረጉ፣ ወለሉ ግን ከመስተዋት የተሠራ እንደነበር ተተርኳል። የታሪኩ ዓላማ የእምነት ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ጥናት መነሻ የሚሆን አንድ ቁም ነገርም ይዟል። ውሃና መስተዋት ብርሃንን አሳልፈው የሚሰጡ ነገሮች ናቸው፤ በእንዲህ ያሉ ነገሮች ፊት ጤነኛ ዓይን እንኳ ያየውን ከሆነው መለየት ሊያቅተው ይችላል።

ሸሪዓ ደግሞ ብዙ ግዳጆችን ከዓይን ምስክርነት ጋር አስተሳስሯል። የረመዳን መግቢያና መውጫ በሂላል መታየት፣ ኢፍጣርና የመግሪብ ሶላት በፀሐይ መጥለቅ፣ ዙህርና ዐስር በጥላ ርዝመት ይታወቃሉ። የፀሐይና የጨረቃ ብርሃን ወደ ዓይናችን ሲመጣ በአየር ውስጥ መንገዱ የሚጎብጥ ከሆነ፣ በዚህ ብርሃን ላይ የቆመው ምስክርነት እንዴት ይመዘናል? ጥያቄው በተለይ ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ሩቅ አይደለም። እዚያ አንዱ መንደር በሸለቆ ውስጥ፣ ሌላው በገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ሁለቱም ግን ከአንድ የታተመ የጊዜ ሰንጠረዥ ያፈጥራሉ።

ይህ ጽሑፍ የብርሃን ስብረት ዕውቀት በሙስሊም ዑለማ እጅ እንዴት እንዳደገ፣ ከኢትዮጵያ ምድርና ከኢትዮጵያ ተወላጆች ጋር በየት በኩል እንደተገናኘ፣ በመጨረሻም ለዛሬው ኢማምና መምህር ምን እንደሚያተርፍ በቅደም ተከተል ያቀርባል።

1. የነገሩ ፍሬ

በጎድጓዳ ሳህን ሥር አንድ ሳንቲም ይቀመጥ። ተመልካቹ የሳህኑ ጠርዝ ሳንቲሙን እስኪከልልበት ድረስ ራሱን ዝቅ ያድርግ። ከዚያ ሳይነቃነቅ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ውሃ ይጨምር። ተሰውሮ የነበረው ሳንቲም ብቅ ይላል። ሳንቲሙ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይንም አልተንቀሳቀሰም፤ ቦታውን የለወጠው የብርሃኑ መንገድ ነው። ይህ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የታወቀ ሙከራ ሲሆን በማንኛውም መድረሳ ያለ ወጪ ሊሠራ ይችላል።

ብርሃን በባዶ ሰማይ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በውሃ ውስጥ ፍጥነቱ ወደ 225,000፣ በተለመደው መስተዋት ውስጥ ደግሞ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በሰያፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የፍጥነቱ ለውጥ አቅጣጫውን ይለውጠዋል። ነገሩን በእርሻ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ከደረቅ መሬት ወደ ረግረግ በሰያፍ ሲገቡ፣ ቀድሞ ጭቃውን የረገጠው ይዘገያል፤ ሌላው ገና በደረቁ ላይ በቀድሞው እርምጃው ይሄዳል። ቀንበሩም ቀድሞ ወደ ገባው በሬ ይዞራል። ብርሃንም ወደ ውሃ ወይም ወደ መስተዋት በሰያፍ ሲገባ እንዲሁ ይዞራል። በቀጥታ ከላይ ወደ ታች የገባ እንደሆነ ግን ሁለቱ በሬዎች እኩል ስለሚዘገዩ መንገዱ አይጎብጥም። የዐረብኛ ኪታቦች ይህንን ኢንዒጧፍ ይሉታል፤ በአማርኛ ስብረት ተብሏል።

አየርም እንደ ውሃ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ስብረቱ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከላይ የሳሳው አየር ወደ ምድር ሲቀርብ እየወፈረ ስለሚሄድ የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ወደ ታች እየጎበጠ ይመጣል። ስለዚህ የሰማይ አካላት ከእውነተኛ ቦታቸው ትንሽ ከፍ ብለው ይታያሉ። ከአድማስ 45 ዲግሪ ላይ ያለ ኮከብ በ1 የዲግሪ ደቂቃ ገደማ፣ 10 ዲግሪ ላይ ያለው በ5 ደቂቃ ገደማ፣ አድማሱን የነካው ደግሞ በባሕር ወለል በ34 ደቂቃ ያህል ከፍ ይላል። የፀሐይ ክብ ስፋት 32 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ነው። ስለሆነም የፀሐይ የታችኛው ጠርዝ አድማሱን ሲነካ ባየንበት ቅጽበት፣ ሙሉ ክቡ በስሌት ከአድማስ በታች ወርዶ አልቋል። የምናያት ፀሐይ አየር ያነሣልን ፀሐይ ናት። በዚያ ሰዓት ጠፍጠፍ ብላ የምትታየውም የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ይልቅ ስለሚነሣ ነው።

ሌላው የስብረት ፍሬ ቀለም ነው። ነጭ የሚመስለው የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። በውሃና በመስተዋት ውስጥ ቀዩ ጥቂት፣ ሐምራዊው ትንሽ በርከት አድርጎ ይጎብጣል። በዚህ ልዩነት ምክንያት አብረው የገቡት ቀለማት ተለያይተው ይወጣሉ።

2. ከባግዳድ እስከ አል-አዝሀር በር

በ2ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው በጥሊሙስ ብርሃን ከአየር ወደ ውሃና ወደ መስተዋት ሲገባ የሚጎብጥበትን መጠን በየ10 ዲግሪው በሰንጠረዥ አስፍሮ ነበር። ቁጥሮቹን የሚያስተሳስረውን ሕግ ግን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ984 ገደማ በባግዳድ የኖሩት አቡ ሰዕድ አል-ዐላእ ኢብን ሰህል ስለሚያቃጥሉ መስተዋቶችና ሌንሶች በጻፉት ኪታብ ሕጉን በጂኦሜትሪ ሥዕል አሳዩ። በሥዕሉ ውስጥ የሁለት መስመሮች ርዝመት ንጽጽር ለአንድ ዓይነት መስተዋት ምንጊዜም አንድ ነው። ይህ ዛሬ በትምህርት ቤት በኔዘርላንዳዊው ስኔል ስም የሚጠራው ሕግ ነው። ስኔል ያገኘው በ1621 ሲሆን ዴካርት ያሳተመው በ1637 ነው። የኢብን ሰህል ቀዳሚነት በጉልህ የታወቀው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሮሽዲ ራሺድ የእጅ ጽሑፎቹን መርምረው ካወጡ በኋላ ነው።

የኢብን ሰህልን ሥራ የሚያውቁት አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብን አል-ሀይሠም (354–430 ሂ. ገደማ፣ 965–1040 እ.ኤ.አ. ገደማ) በበስራ ተወልደው በካይሮ ኖሩ። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት በአል-አዝሀር መስጂድ በር አጠገብ ተቀምጠው የሒሳብና የፈለክ ኪታቦችን እየገለበጡ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። በሰባት ክፍሎች የተጻፈው ኪታብ አል-መናዚር ሰባተኛ ክፍሉን ለስብረት ሰጥቷል። ኢብን አል-ሀይሠም በዲግሪ የተከፋፈለ የነሐስ መሣሪያ አሠርተው የብርሃን ጨረር ወደ ውሃና ወደ መስተዋት ሲገባ አንድ በአንድ ለክተዋል። ብርሃን ወደ ወፍራም ነገር ሲገባ የሚጎብጠው እንቅስቃሴው ስለሚታገድ እንደሆነም ገልጸዋል፤ ከላይ ያልነው የበሬዎቹ ምሳሌ ከዚህ አሳብ ሩቅ አይደለም።

ለአንባቢዎቻችን ይበልጥ የሚጠቅመው የአሠራራቸው ሥርዓት ነው። ኢብን አል-ሀይሠም የዓይንን ምስክርነት አልጣሉትም፤ እንዲሁ በደፈናውም አልተቀበሉትም። የሐዲሥ ዑለማ የራዊውን ታማኝነትና ትዝታ እንደሚመረምሩ ሁሉ፣ እሳቸውም ዓይን በየትኛው ሁኔታ በትክክል እንደሚመሰክርና በየትኛው እንደሚሳሳት ለይተው አሰፈሩ። ለምሳሌ ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ ግዙፍ መስላ የምትታይበትን ምክንያት ብዙዎች በአየር ስብረት ያሳብቡ ነበር። እሳቸው ግን ዋናው ምክንያት የልቡና ግምት መሆኑን አስረዱ፤ በአድማስና በእኛ መካከል ያሉ ነገሮች ርቀቱን ስለሚያሳዩን ጨረቃዋን ሩቅና ትልቅ አድርገን እንፈርዳለን። ጣትን ዘርግቶ በጥፍር ስፋት የለካት ሰው ከፍ ብላ በምትታይበት ጊዜም ያው ሆና ያገኛታል። የበጥሊሙስን ስሕተቶች በዘረዘሩበት ሌላ ኪታባቸውም፣ እውነት ፈላጊ የቀደሙትን ጽሑፍ እንዲመረምርና ራሱንም ከመጠርጠር እንዳይቦዝን አሳስበዋል። አል-መናዚር ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 በአውሮፓ ታተመ፤ ለዘመናት የትምህርቱ መሠረትም ሆነ።

3. ቀስተ ደመና በመስተዋት ክብ ውስጥ

ከኢብን አል-ሀይሠም በኋላ መንገዱን የቀጠሉት በፋርስ ነበር። ቁጥቡዲን አሽ-ሺራዚ (634–710 ሂ.፣ 1236–1311 እ.ኤ.አ.) ደቀ መዝሙራቸውን ከማሉዲን አል-ፋሪሲን (665–718 ሂ.፣ 1267–1319 እ.ኤ.አ.) አል-መናዚርን እንዲያጠኑ መከሯቸው። አል-ፋሪሲም ኪታቡን ከማብራራት አልፈው ተንቂሕ አል-መናዚር በተባለው ሥራቸው የቀስተ ደመናን ምስጢር ፈቱ።

ዘዴያቸው ቀላል ነበር። አንዲት የዝናብ ጠብታ ለምርመራ ስለምታንስ፣ ውሃ የሞላ ክብ መስተዋት በጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የፀሐይ ጨረር አስገቡበት። ብርሃኑ ወደ ክቡ ሲገባ አንድ ጊዜ ይሰበራል፤ ከውስጥ ጀርባው ላይ ይንጸባረቃል፤ ሲወጣ ሁለተኛ ጊዜ ይሰበራል። ከላይ ደብዝዞ የሚታየው ሁለተኛው ቀስት የሚፈጠረው ብርሃኑ በውስጥ ሁለት ጊዜ ሲንጸባረቅ ነው፤ የቀለማቱ ቅደም ተከተል የሚገለበጠውም ለዚህ ነው። በዚያው ዘመን በአውሮፓ የፍራይበርጉ ቴዎዶሪክ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ፣ ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰ። ነጭ ብርሃን ራሱ የቀለማት ድብልቅ መሆኑ የተረጋገጠው ግን ከ1666 ጀምሮ በኒውተን የፕሪዝም ሙከራዎች ነው፤ ዝርዝራቸው ኦፕቲክስ በተባለው መጽሐፉ በ1704 ታትሟል። አል-ፋሪሲ ቀለማቱ በብርሃንና በጨለማ መቀላቀል እንደሚገኙ ያምኑ ነበር። የጨረሩን መንገድ ግን በትክክል ተከትለውታል።

በደጋው ሕዝብ ዘንድ የማርያም መቀነት እየተባለ የሚጠራው ይህ ቀስት ለሙስሊም መምህር ከጥላና ከሶላት ወቅት ጋር የሚገናኝ ትምህርት ይሰጠዋል። ቀስቱ ምንጊዜም ከፀሐይ ተቃራኒ ሲሆን፣ ቀዩ ጠርዝ ከተቃራኒው ነጥብ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ይቆማል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ቀስቱ ከአድማስ በታች ይሆናል፤ አይታይም። በጎንደር ፀሐይ በቀትር ልክ በራስ ላይ የምትሆነው በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ነው። በእነዚህ ቀናት በሻፊዒ መዝሀብና በብዙኃኑ ዘንድ የዐስር ወቅት፣ ጥላ ከባለ ጥላው ቁመት ጋር ሲተካከል፣ ማለትም ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ይገባል። ከዚያ ወደ 42 ዲግሪ ለመውረድ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ስለዚህ በነሐሴ የከሰዓት ዝናብ ቀስተ ደመና በምሥራቅ ከታየ፣ በዚህ አሳብ መሠረት ዐስር ገብቷል ማለት ነው። በሐነፊ መዝሀብ የሚታወቀው የእጥፍ ጥላ ግን ፀሐይ ወደ 27 ዲግሪ እስክትወርድ ይጠብቃል። ይህ ወቅት ማወጃ ሆኖ አይቀርብም፤ ተማሪ ጥላን፣ ማዕዘንንና ስብረትን በአንድነት የሚያይበት ሕያው ሰሌዳ ግን ነው።

4. እስላም ቤትና የብሩስ መነጽር

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ በቀይ ባሕር ማዶ ካለው የእስልምና ዓለም ጋር ግንኙነት ነበራት። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል መልእክተኛ የነበሩት አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ በ1648 ጎንደር ደርሰው ያዩትን በዐረብኛ ጽፈዋል። በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ በማዘዛቸው ሙስሊሞቹ በራሳቸው ሰፈር ተሰባሰቡ። ሰፈሩ እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም ተብሏል። የተለየው መኖሪያ እንጂ ንግዱ አልነበረም፤ የጀበርቲ ነጋዴዎች በምዕራብ ወደ ስናር፣ በሰሜን ወደ ምጽዋ የሚወስዱትን መንገዶች ይዘው ቀጠሉ።

በየካቲት 1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ ሰፈር ነበር። ሰፈሩ 3,000 ያህል ቤቶች እንደነበሩት ጽፏል፤ የሙስሊሞቹ አለቃ ነጋድራስ መሐመድ ይባሉ እንደነበርም መዝግቧል። ብሩስ ከያዛቸው መሣሪያዎች መካከል የሰማይ አካላትን ከፍታ የሚለካበት ትልቅ የነሐስ ኳድራንትና በለንደኑ ዶሎንድ የተሠራ መነጽር ይገኙበታል።

ሁለቱም መሣሪያዎች ከርዕሳችን ጋር ይገናኛሉ። በኳድራንት የተለካ ማንኛውም ከፍታ አየር በሚያደርገው ስብረት ልክ ካልተቀነሰ ስሕተት ይሆናል። ብሩስ የጎንደርን ኬክሮስ ዛሬ ከሚታወቀው ከ12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ በጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚለይ መጠን አግኝቶታል። የዶሎንድ መነጽር ደግሞ የቀለም መለያየትን ችግር የሚፈታ ነበር። አንድ ሌንስ ብርሃንን ሲሰበስብ ቀለማቱንም ስለሚለያይ የኮከቡ ምስል በባለ ቀለም ጠርዝ ይከበባል። ኒውተን ይህ ሊታረም አይችልም ብሎ ነበር። ዶሎንድ ግን ቀለማትን በተለያየ መጠን የሚለያዩ ሁለት ዓይነት መስተዋቶችን አጣምሮ፣ አንዱ የበተነውን ሌላው እንዲሰበስብ በማድረግ በ1758 የባለቤትነት መብት አገኘበት። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ባለፈው ጊዜ ውስጥ የዚህ አዲስ ጥበብ ፍሬ ጎንደር ደረሰ።

ከብሩስ በኋላ በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ጎንደርንና ደጋውን እየዞረ በቴዎዶላይት ተራሮችን ለካ። እዚህ ላይ ችግሩ የኮከብ ሳይሆን የምድር ብርሃን ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለን ተራራ ስናይ የምድር ክብነት ወደ 785 ሜትር ያህል ይሸሽገዋል፤ የአየር ስብረት ደግሞ እንደ አየሩ ሙቀት እየተለዋወጠ ከ100 ሜትር በላይ መልሶ ያነሣዋል። ስብረቱን ያላወቀ ለኪ የሰሜን ተራሮችን ቁመት አዛብቶ ይጽፋል። ዳባዲ ይህ ጉዳይ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም አልለቀቀውም። በፈረንሳይ አንዳይ ከተማ አጠገብ ባሠራው ሕንጻ ግድግዳዎቹን በመስመር አስበስቶ በቀዳዳው በኩል የሩን ተራራ ጫፍ በማየት የአየርን ስብረት ሊለካ አሰበ። ሙከራው አልሠመረም። በቀዳዳው ላይ ምንም እንዳላየና ምንም እንዳልተማረ የሚገልጽ ቃል በባስክ ቋንቋ አስቀረጸበት። ያልተሳካ ምርመራን በድንጋይ ላይ ጽፎ መተው የዕውቀት ታማኝነት ነው።

5. ጀበርቲው ሸይኽና የአል-አዝሀር የጥላ ሰዓት

ብሩስ ጎንደር በነበረበት ዘመን በካይሮ የወቅት ዕውቀት ዋቢ የነበሩት ሰው የዘር ሐረጋቸው ወደ እኛው ምድር ይመዘዛል። ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ (በ1188 ሂ.፣ 1774 እ.ኤ.አ. የሞቱ) የታላቁ ታሪክ ጸሐፊ የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) አባት ናቸው። ልጃቸው ዐጃኢብ አል-አሣር በተባለው የታሪክ መጽሐፋቸው እንደጻፉት፣ ሰባተኛ ቅድመ አያታቸው ከጀበርት ምድር ወደ ካይሮ መጥተው በአል-አዝሀር የጀበርት ተማሪዎች ሪዋቅ አለቃ ሆነዋል፤ አለቅነቱም በቤተሰቡ ዘልቋል። ኢብን አል-ሀይሠም ኪታብ ሲገለብጡበት ከነበረው በር ውስጥ፣ ከሰባት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ስም የሚጠራ ቤት ነበር ማለት ነው።

ያው መጽሐፍ አንድ ለኢማሞች የሚገባ ታሪክ ይዟል። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግብጽን እንዲያስተዳድር የተላከው አሕመድ ፓሻ ሒሳብ ወዳድ ነበር። የአል-አዝሀሩን ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊን ስለ እነዚህ ዕውቀቶች ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ባለማግኘቱ አዘነ። የሶላት ወቅት፣ ቂብላና የጾም መግቢያ ሳይታወቁ ዒባዳ እንዴት ይሟላል ሲል ሞገተ። ሸይኹም ዕውቀቱ ፈርድ ኪፋያ መሆኑን፣ ጥቂቶች ከተወጡት ከሌላው ግዳጁ እንደሚወርድ፣ የተለየ መሣሪያና የእጅ ሙያም እንደሚሻ አስረድተው፣ ወደ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ መሩት። ፓሻው በእርሳቸው ዘንድ ተማረ፤ በእብነ በረድ ላይ የተቀረጹ የጥላ ሰዓቶችም ተሠርተው አንዱ በአል-አዝሀር ተተከለ። ሸብራዊ ጀበርቲው ባይኖሩ ኖሮ ሁሉም ባፈሩ ነበር ማለታቸውንም ልጃቸው አስፍረዋል። ሸይኽ ሐሰን የገበያ ሚዛኖችን አርመዋል፤ ጂኦሜትሪ ሊማሩ የመጡ አውሮፓውያንንም አስተምረዋል።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ግልጽ ነው። ፈርድ ኪፋያ የሚወርደው አንድ ሰው እንኳ ሲሠራው ነው። ማንም ያልሠራው እንደሆነ ግን ኃላፊነቱ የሁሉም ነው። በዚያ ዘመን የአል-አዝሀርን ፊት ያዳነው ጀበርቲ ነበር።

6. ለጎንደር ደጋ የሚተርፈው

ወደ መግቢያው ጥያቄ እንመለስ። በፊቅህ መግሪብ የሚገባው የፀሐይ ክብ ከዓይን ሲሰወር ነው። ሸሪዓ ያዘዘው የሚታየውን መጥለቅ እንጂ በስሌት ከአድማስ በታች የሆነውን አይደለም። ስለሆነም የስብረት ዕውቀት ሕጉን አይለውጥም። በዓይኑ አይቶ ላፈጠረ ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ አየሩ ያነሣት ፀሐይ እስክትሰወር ጠብቋልና። ዕውቀቱ የሚያስፈልገው ለስሌት ነው። ሰንጠረዥ አዘጋጅ ስብረቱንና የፀሐይን ግማሽ ክብ ረስቶ ማዕከሏን ብቻ ቢያሰላ፣ በጎንደር ኬክሮስ መግሪብን ከ3 ደቂቃ በላይ ያስቀድማል፤ ከዚህ ውስጥ ከ2 ደቂቃ በላይ የሚሆነው የስብረት ድርሻ ነው። ፀሐይ ገና ሳትሰወር ሕዝብ ያፈጥራል ማለት ነው። በማለዳም ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የፈጅር ወቅት እንዳለ ይቆጠራል።

ከስብረት ጋር ተያይዞ የከፍታ ጉዳይ አለ። የሐነፊው ዐሊም ኢብን ዓቢዲን (በ1252 ሂ.፣ 1836 እ.ኤ.አ. የሞቱ) ከቀደመ ኪታብ ጠቅሰው እንዳሰፈሩት፣ እንደ እስክንድርያ ማማ ባለ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ፀሐይ ለእርሱ እስክትጠልቅ አያፈጥርም፤ ከታች ያሉት የከተማው ሰዎች ግን ለእነርሱ ቀድማ ከጠለቀች ማፍጠር ይችላሉ። የእስክንድርያው ማማ ቁመት ከ100 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በዚያ ያለው ልዩነት ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። የጎንደር ደጋ ግን በምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ተመልካች ከፊቱ ካለው ቆላ 1,400 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም፣ በስብረቱ የታረመው አድማስ 66 የዲግሪ ደቂቃ ያህል ዝቅ ይልለታል፤ ፀሐይም ከሜዳው ስሌት ወደ 4 ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይታ ትጠልቃለች። የኢብን ዓቢዲን መርህ ለዚህ አፋፍ ነዋሪ ከእስክንድርያ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

የጎንደር ከተማ ደግሞ በተቃራኒው በተራሮች የተከበበች ናት። ፀሐይ ከኮረብታ ጀርባ መሰወሯ መጥለቋ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲሥ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከፀሐይ መጥለቅ ጋር የሌሊቱን ከምሥራቅ መምጣትና የቀኑን ወደ ምዕራብ መሄድ ማስተማራቸው ለተራራማ አገር ሰው ትልቅ መመሪያ ነው። ምዕራቡ በኮረብታ ሲከለልበት የምሥራቁን ጨለማ ይመለከታል፤ ወይም በትክክል የተሠራውን ሰንጠረዥ ይከተላል።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስብረቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ልዩነቱ በጊዜ ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሆነ ለኢሕቲያጥ የሚጨመር አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይሸፍነዋል። የአፋፉን ልዩነት ግን አይሸፍነውም። የፈጅር ንጋት ነገር ሌላ ነው፤ ንጋት በዋናነት በላይኛው አየር የሚበተን ብርሃን እንጂ ስብረት አይደለም። የአንዳሉሱ ኢብን ሙዓዝ አል-ጀያኒ በ11ኛው መቶ ዓመት ስለ ንጋት በጻፉት ኪታብ ፀሐይ ያኔ ከአድማስ 19 ዲግሪ ያህል ዝቅ እንደምትል ወስደዋል። ዛሬም ሰንጠረዦች በዚህ ማዕዘን ይለያያሉ፤ በጎንደር እያንዳንዱ ዲግሪ ከ4 ደቂቃ በላይ ነው። ስለዚህ የታተመ ሰንጠረዥ በእጁ የገባ ኢማም ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፦ ለየትኛው ቦታና ከፍታ ተሠራ? ስብረቱና የፀሐይ ግማሽ ክብ ታስበዋል? የፈጅር ማዕዘኑ ስንት ነው?

በሂላል ረገድም ስብረት ጨረቃን ጥቂት ያነሣታል እንጂ የሌለችን ጨረቃ አይፈጥርም። ይልቁንም ከኢብን አል-ሀይሠም የሚወሰደው ትምህርት ምስክርን በጥያቄ መመርመር ነው፦ በየትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል ከፍታ፣ ቀንዶቿ ወደ የት ዞረው አየህ? ይህ ምስክሩን ማዋረድ አይደለም፤ ምስክርነቱን ማክበር ነው።

መደምደሚያ

የብርሃን ስብረት ዕውቀት ከእስክንድርያ ወደ ባግዳድ፣ ከባግዳድ ወደ ካይሮና ወደ ፋርስ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በመጨረሻ በነሐስና በመስተዋት መሣሪያ መልክ በጎንደር እስላም ቤት በር ገባ። በዚያው ዘመን ጀበርቲው ሸይኽ ሐሰን በካይሮ የዚሁ ቤተሰብ ዕውቀት መምህር ነበሩ። መምህራን ይህንን ለተማሪ ሲያስረዱ ከባዕድ የተዋሱት አድርገው ሊያቀርቡት አይገባም። የሳህንና የሳንቲም ሙከራ፣ ውሃ የሞላ ክብ ጠርሙስ፣ በመስጂድ ግቢ የተተከለ ቀጥ ያለ እንጨትና ጥላው ለመጀመሪያ ትምህርት ይበቃሉ።

ዓይን አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠን ምስክር ነው፤ ሸሪዓም ተቀብሎታል። ምስክርን መቀበል ግን ቃሉ በየት መንገድ እንደመጣ ከማወቅ ጋር ነው። በእያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ መምህር ሰንጠረዡን ከአካባቢው አድማስ ጋር አመሳክሮ ማረም ቢችል፣ አሽ-ሸብራዊ ያሉት ፈርድ ኪፋያ ይወጣል፤ በአፋፍም በሸለቆም ያለው ጾመኛ በእርግጠኛ ወቅት ያፈጥራል።